ማዕረግ ሲወልቅ የሚቀረው ሰው

በስደት ዓለም ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ምን እየሠራህ ነው?» የምትለዋ። ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና የሚያቆመው፣ አረጋዊ የሚጦረው ወገናችን ይህቺን ጥያቄ ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። አገር ቤት ለሚደውሉለትም «ቢሮ ነኝ» ይላቸዋል። ለመሆኑ ላቡን አንጠፍጥፎ የሚያድር ሰው የሚያፍረው ለምንድን ነው?

በሽታው ከባሕር ማዶ የመጣብን አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውና ብረት ሠሪው በሙያቸው እንዳይሰደቡ በአዋጅ መከልከላቸው፣ ሥራን መናቅ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ይመሰክራል። እኔ በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ በነበርኩባቸው ዓመታትም መራቂው ባለሥልጣን ከነሙሉ ማዕረጉ ሲጻፍ፣ ሕንጻውን የገነባው ሠራተኛ ግን ስም አልነበረውም። እንዲህ ያደግን ሰዎች ወንበራችን ሲወሰድ ሰውነታችንም አብሮ የተወሰደ ይመስለናል።

የዚህ ዋጋ እጅግ የሚከብደው በዓረብ አገራት ባሉ እህቶቻችን ላይ ነው። «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የቤይሩት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን እንደ አሮጌ ዕቃ ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። ብዙዎቹ ደመወዛቸው እንኳ አልተከፈላቸውም ነበር።

ጥፋቱ የአሠሪውና የሕጉ ነው። ነገር ግን «እኔ ገረድ ነኝ፤ ምን መብት አለኝ?» ብላ የምታምን እህት ደመወዟን ለመጠየቅም፣ በደሏን ለመናገርም አፏ ይታሰራል። ያንን እምነት ያስያዝናት እኛ ነን። ስትደውል ከ«እንዴት ነሽ?» በፊት «መቼ ትልኪያለሽ?» የምንል እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት ሁሉም ሰው በክብር እኩል ሆኖ እንደሚወለድ ሲያውጅ ኢትዮጵያ ድጋፏን ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። ሳዑዲ ዓረቢያ ድምፅዋን አቅባለች። አገራችን ለዓለም የመሰከረችውን ቃል ልጆቿ ለራሳቸው መንፈጋቸው ያሳዝናል።

ራስን ማክበር ጉራ አይደለም። ወገኖቼ፣ ሥራችንን በስሙ እንጥራ፤ የደከምንበትን ደመወዝ ሳናፍር እንጠይቅ። እህቶቻችን ሲደውሉም አስቀድመን ደኅንነታቸውን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን!