ጥፋት በገንዘብ ሲመነዘር

በአዲስ አበባ የዓለም አቀፍ ድርጅት ቅጥር እንደ ሎተሪ ዕጣ ይቆጠራል። ዘመድ ስለ ደመወዙ ይጠይቃል፤ ስለ ውሉ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም የእነዚህን ተቋማት ደንብ ማንበብ የጀመርኩት፣ በአንደኛው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ወዳጄ ኮንትራቱ እንደማይታደስ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይዞ ቤቴ ከመጣ ወዲህ ነው። «የት ልክሰስ?» አለኝ። የአሠሪውን ስም አልጠራም፤ ደንቡ ለሁሉም የተገለጠውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ግን ለምሳሌ ልውሰድ።

ይህን ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የልዩ መብቶችና ያለመከሰስ ስምምነት ከየአገሩ ፍርድ ቤት ይጋርደዋል። ጋሻው ይነሣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በየአገሩ ያለ መንግሥት ዳኛውን እያዘዘ ድርጅቱን እንዳይጠመዝዘው ያስፈልጋል፤ የእኛን ፍርድ ቤቶች ታሪክ የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ጋሻ ያነገተ ወገን ለበደለው ሰው ዳኛ ማቅረብ አለበት። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1954 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ለሰው ልጅ ነፃነትና ፍትሕ የቆመ ድርጅት ለገዛ ሠራተኞቹ የፍትሕ ደጅ መዝጋቱ ከዓላማው ጋር እንደማይጣጣም ገልጾ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ችሎት የወሰነውን ካሳ አልከፍልም ማለት እንደማይችል አስረድቷል።

ታዲያ ይህ ዳኛ ምን ያህል ዳኛ ነው? እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመው የአስተዳደር ችሎት በ2009 ቦታውን ለአዲሱ የክርክር ችሎትና ለይግባኝ ችሎቱ ለቀቀ። ስሙ ተለወጠ፤ አንዲት የኋላ በር ግን ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ተሸጋገረች። በአዲሱ ችሎት ደንብ አንቀጽ 10 መሠረት፣ ዳኛው አንድን የሹመት፣ የዕድገት ወይም የስንብት ውሳኔ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በሻረ ጊዜ፣ አስተዳደሩ በምትኩ ሊከፍል የሚችለውን ገንዘብ አብሮ መተመን አለበት። ምርጫው የተረቺው ነው፤ ውሳኔውን ይሰርዛል፣ አለዚያ ይከፍላል። ካሳውም፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ከሁለት ዓመት የተጣራ መሠረታዊ ደመወዝ አይበልጥም። (ሌባ በተያዘ ጊዜ «ዋጋውን ልክፈል፣ ዕቃው ግን እኔው ዘንድ ይቅር» ቢል የትኛው ዳኛ ይሰማዋል?)

ለዚህ የሚቀርበውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ሥራ አስኪያጅን ከማይፈልገው ሰው ጋር ሥራ ብሎ ማስገደድ አይቻልም ይባላል። ይሁን። ነገር ግን ገንዘቡ ከዚያ ሥራ አስኪያጅ ኪስ አይወጣም፤ አባል አገሮች ካዋጡት ነው የሚከፈለው፤ ድሃይቱ ኢትዮጵያም ከአዋጪዎቹ አንዷ ናት። መቅጫ የሚሆን ካሳ መፍረድ ለችሎቱ ተከልክሏል። ጥፋተኛውን ሹም ተጠያቂ ማድረግ ሲያምረው ጉዳዩን ወደ ዋና ጸሐፊው ይመራል፤ በዚያ ችሎት ፊት ተከሳሹ ደግሞ ራሱ ዋና ጸሐፊው ነው!

ይህም ሁሉ «ሠራተኛ» የሚል ማዕረግ ላላቸው ነው። በአማካሪነትና በግል ተቋራጭነት ስም አጠገባቸው ተቀምጦ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሰው ከዚህ ችሎት ደጅ አይደርስም፤ ግልግል ዳኝነት ፈልግ ይባላል። መጀመሪያ መሻሻል ያለበት ይህ ነው፤ ቀጥሎም የመክፈል ወይም የመመለስ ምርጫው ከተረቺው እጅ ወጥቶ ለዳኛው ይሰጥ።

ወዳጄ ማመልከቻውን ጊዜው ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው አስገብቷል። መጀመሪያ የሚመረምርለት ያው ያሰናበተው ድርጅት ነው።