ስለ ሰፈር ግሮሰሪ

በአዲስ አበባ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በታጠፈ፣ የመኪና ጩኸት በማይበዛበት መንገድ ላይ፣ አራት አምስት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ግሮሰሪ ደጇን ገርበብ አድርጋ ሳለች ያየ መንገደኛ፣ ነገሩን እንደ መጠጥ ንግድ ብቻ ቈጥሮ ቢያልፍ አይፈረድበትም፤ የከተማ ኑሮ በጉርብትና ካልጸና በሕንፃ ብዛት እንደማይጸና ለሚያምን ሰው ግን፣ ይህች ትንሽ ቤት ከብዙ አዳራሽ የሚበልጥ አገልግሎት የምትሰጥ መሆንዋን መመስከር የሚገባ ነው።

ቀኑ መሸትሸት ሲል መምህሩ የተማሪዎቹን ደብተር በብብቱ እንደ ያዘ፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ ሾፌሩም የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቲቱ አስረክቦ ይገባሉ፤ እርስዋም የእያንዳንዱን ልማድ ታውቃለችና ሳትጠይቅ ለአንዱ ጃምቦ ድራፍት፣ ለሌላው ጉደር በአምቦ ውሃ ተበርዞ፣ ጾም ለያዘው ደግሞ አምቦውን ብቻ ከቆሎ ጋር ታቀርባለች። በባንኮኒው ጥግ ያለው ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር፣ ያለ ዋስና ያለ ፊርማ ስም ብቻ የሚጻፍበት የመተማመን መዝገብ ነው።

የዚህች ቤት መስሕብ ከጠርሙሱ ይልቅ አርምሞዋ ነው። ሙዚቃው ዝቅ ስለሚል ሰው ለመሰማት መጮኽ አያስፈልገውም፤ የጎረቤቱንም ኀዘንና ፍሥሐ ከራሱ ከባለጉዳዩ አንደበት ይሰማል፤ አንዱ ሁለት ምሽት የቀረ እንደ ሆነ «እገሌ ምነው ጠፋ?» ተብሎ ይፈለጋል፣ ታሞም ከሆነ ከዚያው ተነሥተው ሊጠይቁት ይሄዳሉ። አበው በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን ጠላውንና ዳቦውን በአንድነት የሚቀምሱበትን የጽዋ ማኅበር ያቆዩልን ፍቅረ ቢጽ በቃል ብቻ እንዳይቀር ነው፤ ጌታችንም ከሰርገኞች ጋር አብሮ ተቀምጦ በቃና ዘገሊላ ሰርግ ቤት ያደረገውን ተአምር ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ታዘክራለች። የተቀደሰው የተቀደሰ ነውና ግሮሰሪን ከማኅበር ጋር አላስተካክልም፤ ነገር ግን ሰው ከሰው ጋር አብሮ ለመቀመጥ ያለው ናፍቆት በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው።

ስካር ትዳር እንደሚያፈርስ፣ ጤናንም እንደሚያጠፋ ማንም አይስተውም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ መከልከሉም የተገባ ነው። ሆኖም ባለቤቲቱ የጠጪውን ሚስትና ልጆች በምታውቅበት ቤት «ለዛሬ ይበቃዎታል» ብላ ብርጭቆውን ለማንሣት ድፍረቱም መብቱም አላት፤ በዋናው ጎዳና ላይ ያለው ታላቅ ጭፈራ ቤት ግን እንግዳውን በስሙ እንኳ ስለማያውቀው፣ የሚከፍል እስከ ሆነ ድረስ ይቀዳለታል።

የፒያሳ ሰፈር ታላቅ ክፍል በ2016 ዓ.ም.፣ የካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ፣ እንዲህ ያለ ለብዙ ዘመን የኖረ ትውውቅ ከቤቶቹ ጋር ተበትኗል። ከተማ መታደሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገዱንና መብራቱን የሚያቅዱ ሹማምንት፣ ከየኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት የንግድ ክፍሎች አንዲቱን፣ ኪራይዋ ሳይከብድ፣ የድምፅ ልኳና የመዝጊያ ሰዓቷም በነዋሪው ስምምነት ተወስኖ፣ ለእንዲህ ያለች ቤት ቢፈቅዱ፣ ነዋሪዎችም ጸጥታዋን ቢጠብቁላት፣ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች በስም ለመጠራራት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም።