«ይበቃናል»



በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እዚህ አዳማም ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። የእኛም አንዷ ናት። ማታ ግቢያችን ውስጥ እንሰካታለን፣ ጠዋት ሞልታ ትጠብቀናለች። የነዳጅ ማደያ ሰልፍ ከቆምን ቆይተናል። ለአገልግሎት ወንጂና ሞጆ ደርሶ መመለስ ስለቀለለን ጌታን አመስግነናል።

ረጅም መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የተባለች መኪና ሰው ጭና በፍጥነት ስትነዳ ያን ያህል አትሄድም። ከአዳማ አዲስ አበባ ያለው የ85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ ሲወጡት ዳገቱ ባትሪውን ይበላል፤ ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ጥቂት ይመልስለታል። ፈጣን ቻርጀር በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ማስላት አለበት።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ሻሸመኔ ባለትዳሮችን እንድናስተምር ተጋብዘን ነበር። ርዕሳችን «ግልጽነት በትዳር» ነበር። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ስንነሣ ባለቤቴን «ሞላች?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይበቃናል» አለኝ። ዋዜማውን በየቤቱ ሕሙማን ሲጠይቅ ውሎ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ መብራት ጠፍቷል። እኔ ተኝቼ አላወቅሁም።

ቁጥሩን ልብ ያልኩት ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው። የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ያቆመውን ሐይቅ በጎን እያየን፣ የእኛ ባትሪ ግን ይወርድ ነበር። ባቱ ስንደርስ 24 በመቶ ቀረን። ከዚያ ወዲያ ወደ አርሲ ነገሌ መንገዱ ይወጣል፤ ብንቀጥል መንገድ ላይ መቅረታችን ነው።

አንድ ሆቴል ለምነን ተራ ሶኬት ላይ ሰካናት። በሰዓት የሚገባው 3 ወይም 4 በመቶ ነው። ሻሸመኔ ደወልን፤ ወንድሞችም ትምህርቱን ወደ ከሰዓት በኋላ አዞሩልን። አራት ሰዓት ሙሉ ግራር ሥር ተቀመጥን።

መጀመሪያ አኩርፌ ዝም አልኩ። በኋላ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እንዳትቆጪ ብዬ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «የመኪናዋ ብቻ አይደለም። እኔም ባዶ ነኝ። ከሦስት ወር ወዲህ የምሰብከው ድሮ የሰበክሁትን እያስታወስኩ ነው። ሌሊት እነቃና አገልግሎቱን ልተወው እላለሁ» አለኝ።

በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጥቅስ ልጠቅስለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጌታ ግን ዝም አሰኘኝ። እኔስ? «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ብዬ ጓዳ ገብቼ ያለቀስሁት ስንቴ ነው? እሱ የደበቀኝም ቁጣዬን ስለሚያውቅ ነው። ለካ በቤታችን ሁለታችንም «ይበቃናል» እየተባባልን ኖረናል።

1ኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስን እናገኘዋለን። በቀርሜሎስ እሳት ካወረደ በኋላ ምድረ በዳ ገብቶ፣ ክትክታ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ የመጣው ሊገሥጸው አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንዲተኛም ተወው፣ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። መንገዱ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቅ ነበር። ወደ ኮሬብ የሄደው በዚያ ብርታት ነው። ኤልያስ ደክሞ ነበር፤ ድካሙን ግን ከአምላኩ አልደበቀም።

ከሰዓት በኋላ ሻሸመኔ ስንደርስ ባለቤቴ ያዘጋጀውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ባቱ ላይ የሆነውንም ነገራቸው። ዝምታው ከብዶ ነበር። ስንጨርስ አንዲት እህት ባሏን እጁን ይዛ ወደ ጥግ ስትወስደው አየሁ።

ወደ አዳማ ተመልሰን ለሽማግሌዎች ተናገረ፤ የአንድ ወር ዕረፍት ሰጡት። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይነቃል። አሁን ግን ይቀሰቅሰኝና አብረን እንጸልያለን። እኔም ሲነግረኝ አለመቆጣትን እየተማርሁ ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት «ምን ያህል ቀረህ? ምን ያህል ቀረሽ?» ተባባሉ። መልሱ ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ፣ አትቆጡም። መንገዱ ሩቅ ነውና ለትዳር ጓደኛችሁ እንጎቻውንና ውኃውን አቅርቡለት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ የጌታ ሰላም ከቤታችሁ ጋር ይሁን።