ገና ሳንነዳት የተከራከርንባት መኪና

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ በምስል ብቻ ስለምናውቃት መኪና ነው። ቮልስዋገን በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አይዲ 2ኦል ብሎ ያሳያት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ርዝመቷ 4 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ነው። ከኋላ በሯ ጀርባ ያለው ሰፊ ምሰሶ ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፋትን፣ በ1966 ዓ.ም. የወጣችውን የመጀመሪያዋን ጎልፍ ያስታውሳል፤ የንድፍ ኃላፊው አንድሪያስ ሚንትም ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው።

ዝግጅት ክፍላችን በዚህ ምሰሶ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ያረጀ መልክ» አለ፤ እኔ ግን ለመኪናዋ ግርማ የሰጣት እሱ ነው እላለሁ።

ቅሬታዬ ጎማው ላይ ነው። ለዕይታ የቀረበችው በ20 ኢንች ቸርኬ ላይ ስስ ጎማ ተደርጎላት ነው። ምስል ላይ ያምራል። እዚህ ጎንደር፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ግን ድንጋይ ሲያገኘው ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ባትሪውም ከወለሉ ሥር ስለሆነ ከመሬት ያላት ከፍታ ከመብራቷ ቅርጽ ይልቅ ያሳስበኛል።

ክርክሩ የቅንጦት አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ትንሿን የነዳጅ መኪና ቪትዝን የሚተካው አዲስ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሄድ መሆኑ አይቀርም።

የጎንደር ሾፌሮችና የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ምስሎቹን አይታችሁ ፍርዳችሁን ጻፉልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።