ቅናሹ የዲስክ ማስገቢያውን አስቀርቶ አይሁን፦ ስለ ጌም ኮንሶል ዋጋ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በእስራኤል፣ በሃይፋ ከተማ፣ በሃሊሳና በአጎራባቹ በኔቬ ዮሴፍ ሰፈሮች የምንኖር የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች ማኅበር፣ የጌም ኮንሶል ዋጋ ሊቀነስ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ጉዳይ ላይ በጠቅላላ ጉባኤያችን ተወያይተን ይህን መግለጫ አውጥተናል። አቋማችን አጭር ነው። አምራቾቹ የማሽኑን ዋጋ ይቀንሱ፤ ነገር ግን ቅናሹ የሚገኘው የዲስክ ማስገቢያውን በማስቀረት ከሆነ ቅናሽ ብለን አንቀበለውም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሰፈር ማኅበር ከሶኒ፣ ከማይክሮሶፍትና ከኒንቴንዶ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። በጉባኤው ላይም ይህንኑ ያነሱ አባላት ነበሩ። መልሳችን በ2024 መኸርና በጁን 2025 ያሳለፍነው ጊዜ ነው። ሮኬትና ሚሳኤል በሃይፋ ላይ ሲወርድ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ልጆቹን በሰፈሩ ቤቶች መካከል ወዳለው ደረጃ ወጥታችሁ ኳስ እንዳትጫወቱ አልናቸው። የቀራቸው ማሽኑ ነበር። ማሽኑ ያለበት ቤት የአምስት ቤት ልጅ ይሰበሰብበት ነበር፤ የኛም፣ የዓረብ ጎረቤቶቻችንም፣ የሩሲያኛ ተናጋሪዎቹም ልጆች በአንድ ጆይስቲክ ተራ ይጠባበቁ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የቤታችን ጉዳይ ነው።

ድሮ የነበረው ልማድ ለድሃ ቤተሰብም የሚመች ነበር። ማሽኑ በወጣ በዓመት በሁለት ዓመቱ ይረክሳል፤ መጀመሪያ ያልቻለ ቆይቶ ይገዛል። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ወጥቶ በ2002 ወደ 199፣ በ2009 ደግሞ ወደ 99 ዶላር ወርዷል። ኒንቴንዶ በ2011 ስሪ ዲኤስ የተባለውን የእጅ ማጫወቻ በ250 ዶላር ገበያ ላይ አውጥቶ ገዥ ሲያጣ፣ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ 170 ዶላር አወረደው። በውድ ለገዙት ቀዳሚ ደንበኞቹ 20 ጨዋታ በነፃ ሰጥቷል፤ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታም የገዛ ደመወዛቸውን በግማሽ ቀንሰዋል። እንዲህ ያለ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ቢገኝ መግለጫ ማውጣት ባላስፈለገን ነበር።

አሁን የሚታየው ግን የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። በኖቬምበር 2020 በ499 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በኦገስት 2025፣ በአሜሪካ ወደ 549.99 ከፍ አለ፤ በአውሮፓ ጭማሪው የተጀመረው ቀደም ብሎ በ2022 ነው። ማይክሮሶፍት በ2025 ብቻ ሁለት ጊዜ ጨምሮ በ499 የወጣውን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 649.99 አድርሶታል። በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች እንኳ በስምንት ዓመቱ ተወዷል።

አምራቾቹ የሚያቀርቡትን ምክንያት ሰምተናል፤ ሁሉም ሰበብ ነው አንልም። ቺፕ በየጊዜው እያነሰ ዋጋውም አብሮት የሚወርድበት ዘመን አልፏል። የአሜሪካ ቀረጥ አለ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን ጠርገው እየወሰዱት ዋጋውን ሰቅለውታል። የኤክስቦክስ ኃላፊ በ2022 በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር ከኪሳችን እንደጉማለን ብለው ነበር። ሶኒ በበኩሉ ባለ ዲስኩን ፕሌይስቴሽን 5 በኪሳራ መሸጥ ማቆሙን ያሳወቀው ገና በ2021 ነው። የሆነ ሆኖ ማሽኑ በር ነው፤ ገቢው ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። በኩባንያው የኢንተርኔት መደብር ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጨዋታ 30 በመቶ ያህሉ ለባለ ማሽኑ ኩባንያ ይገባል፤ አብዛኛውን ጨዋታ በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወትም የደንበኝነት ክፍያ አለ። የማይክሮሶፍት ጌም ፓስ አልቲሜት በኦክቶበር 2025 በወር ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ዘልሎ ነበር።

የዲስኩ ነገር የሚያሳስበን ለዚህ ነው። በሃሊሳ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ዲስክ አንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም። ከደረጃው በላይ ባለ ቤት ይገዛል፣ ከታች ያለው የአክስት ልጅ ይዋሰዋል፣ ከዚያ በሌላ ጨዋታ ይለወጣል፤ ሲመለስ ሽፋኑ የሌላ ጨዋታ ሽፋን ሆኖ፣ ጀርባው ተጫጭሮ፣ አንዳንዴም የሦስት ልጆች ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበት ነው። ጨዋታው 70 ዶላር ቢሆንም ለአራት ቤት ሲካፈል ይቀላል። ከመደብሩ በኢንተርኔት የወረደ ጨዋታ ግን የገዛው አካውንት ላይ ይቀራል። ሁለተኛ እጅ ተብሎ አይሸጥም፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ለጎረቤት ልጅ አይላክም።

አንዲት አባላችን ለልጇ ባር ሚጽቫ በዓል ማሽን ልትገዛ ሱቅ ገብታ ሁለት ካርቶን ቀረበላት። ሻጩ «ያው አንድ ናቸው፣ ይሄኛው ይረክሳል» አላት፤ የረከሰውን በየወሩ በሚከፈል ክፍያ (በታሽሉሚም) ገዝታ ገባች። ልጁ ከአጎቱ ልጅ የተዋሰውን ዲስክ ይዞ ማሽኑን በአራቱም ጎን እያገላበጠ ማስገቢያውን ሲፈልግ አመሸ። ስህተቱ የእናትየው አይደለም። በአሜሪካ ዋጋ ዲስክ ያለውና የሌለው ፕሌይስቴሽን 5 ልዩነት ከኦገስት 2025ቱ ጭማሪ በኋላ 50 ዶላር ነበር፤ ለብቻው የሚሸጠው ማስገቢያ ግን 79.99 ነበር። ርካሹን ገዝቶ ኋላ የሚያስተካክል ሰው 30 ዶላር አብልጦ ይከፍል ነበር። በ2020 የወጣው የመጀመሪያው ዲስክ አልባ ሞዴል ላይማ ጭራሽ ሊገጠም አይችልም። በ2024 በ699.99 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ እንኳ ማስገቢያ የለውም። ኒንቴንዶም በስዊች 2 ላይ ካርዱ ውስጥ ጨዋታው ሳይኖር ማውረጃ ቁልፍ ብቻ የያዘ ካርድ ጀምሯል፤ ማዋስ ይቻላል፣ ኢንተርኔት የሌለው ግን አይጫወትበትም።

ኢንተርኔቱን ያነሳነው በምክንያት ነው። እዚህ ያረጀ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በሻንጣ ወደ ጎንደርና አዲስ አበባ ነው። ዲስክ ያለው እዚያ ደርሶ ሌላ አሥር ልጅ ያጫውታል። ዲስክ የሌለው ግን አንዳንዴ መቶ ጊጋባይት የሚደርስ ጨዋታ በሞባይል ዳታ ማውረድ ይጠብቀዋል።

ወጪውን በሼኬል እናስላው። አንድ ዶላር በ3.30 ሼኬል ቢታሰብ፣ የኦገስት 2025ቱ 550 ዶላር 1,815 ሼኬል ነው፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባበት 2,142 ይደርሳል። የአስመጪና የሱቅ ትርፍ፣ አንድ ጨዋታም አልተደመረም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የነበረው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6,247 ሼኬል ያህል ስለነበር ማሽኑ ብቻውን ሲሶውን ይወስድ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ዶላር ከ3.60 ሼኬል በላይ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 3.20 ገደማ ወርዷል። ዶላር ሲወጣ ዋጋ የሚጨምር አስመጪ ዶላር ሲወርድም እንዲቀንስ እንጠይቃለን።

በጉባኤው ላይ አንድ አባታችን «ጭራሽ አሥር ሺህ ይግባ፣ ልጁ መጽሐፍ ይያዝ!» ብለው ብዙ ጭብጨባ አግኝተዋል። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ የጨዋታ ሰዓት ይገደብ በሚለውም ከሳቸው ጋር ነን። ነገር ግን ውድነቱ ማሽኑን ከቤታችን አላስቀረውም። ልጅ «ሁሉም አለው» ብሎ ሲያለቅስ ወላጅ በ12 ወይም በ24 ክፍያ ይገዛል፤ ማሽኑ ሲበላሽም ክፍያው ይቀጥላል።

ተቃውሞ ውጤት እንደሚያመጣ በዚሁ ገበያ አይተናል። ማይክሮሶፍት በ2013 በኤክስቦክስ ዋን ላይ የሁለተኛ እጅ ዲስክን የሚገድብ አሠራር ሊያስገባ አስቦ፣ ገዥው ስላመፀበት በጁን ወር ሐሳቡን ሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብዙ ሰው ያልፈለገውን ኪኔክት የተባለ ካሜራ ከካርቶኑ አውጥቶ ዋጋውን ከ499 ወደ 399 አወረደው። በ2025 አንድ ጨዋታ በ80 ዶላር ሊሸጥ አስታውቆ ወደ 70 የተመለሰውም ያው ኩባንያ ነው። የማይፈለገውን አውጥቶ ዋጋ መቀነስ እንደሚቻል ማሳያው ኪኔክት ነው። ዲስክ ማስገቢያ ግን የድሃ ቤተሰብ ዋናው ዕቃ ነው።

ስለዚህ አምራቾቹ ባለ ዲስኩን ማሽን ቢያንስ መጀመሪያ ወደ ወጣበት ዋጋ እንዲመልሱት እንጠይቃለን። ለብቻው የሚሸጠው ማስገቢያ ዋጋም ዲስክ ባለውና በሌለው ማሽን መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት እንዳይበልጥ እንጠይቃለን። አስመጪዎችና ሱቆች ዲስክ የማይቀበል ማሽን ካርቶን ላይ ይህንኑ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ በጉልህ እንዲጽፉ እንጠይቃለን፤ አራቱም ቋንቋ በሰፈራችን ደረጃ ላይ በየቀኑ ይነገራል።

ለሃይፋ ማዘጋጃ ቤትም አንድ ጥያቄ አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ፤ ማሽን መግዛት ያልቻለ ሰፈር በአንድ ማሽን ይጫወታል። በሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል (በማትናሱ) አንድ ክፍል ሁለት ባለ ዲስክ ማሽንና የዲስክ መዋሻ መደርደሪያ ቢኖር፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ከባድ ወጪ አይሆንም። ተቆጣጣሪ ወላጆችን በተራ የምንመድበው እኛ ነን። ስማቸውን ያስመዘገቡ አባላት አሉ፤ አሥር ሺህ ይግባ ያሉት አባታችንም የማክሰኞውን ምሽት ወስደዋል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን አጠፋለሁ በሚል ቅድመ ሁኔታ።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ሃሊሳ፣ ሃይፋ