ሎሚና በረኪና በአንድ ባልዲ አይገናኙ

ከሥራ መልስ አረፍ ብላችሁ ሻይ ስትጠጡ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ግን ወዲያው ፈዘዝ ይልና ወርቅማ መልክ ይይዛል። ውሃ አልተጨመረበትም፤ ሻዩም አልተቀነሰም። ልጃችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ «ሻዩ ለምን ገረጣ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

መልሱ ልጆቻችን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አሲድ፣ ቤዝና ፒኤች እያሉ ከሚማሩት ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቻችን ይህ ትምህርት የፈተና ጉዳይ ብቻ መስሎን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ሊጡ ሲቦካ፣ ልብሱ ሲታጠብ፣ ሽንት ቤቱ ሲጸዳ የምንሠራው ሁሉ ይኸው ኬሚስትሪ ነው። ይህን ባለማወቅም ዓይን የሚጠፋበት፣ ጉሮሮ የሚቃጠልበት፣ ሳንባ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ እንጨዋወታለን።

አሲድ የሚባለው ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን አዮን የተባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን የሚለቅ ነገር ነው። ምላሳችን «ኮመጠጠ» ብሎ የሚለየው እነዚህን ቅንጣቶች ነው። ቤዝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሲሆን የቅንጣቶቹን ቁጥር ይቀንሳል። እንደ ሳሙና ውሃ ሲነኩት ያሙለጨልጫል። አንዳንድ ቀለሞች በአሲድና በቤዝ ውስጥ መልካቸው ይለያያል። በትምህርት ቤት የሚታወቀው የሊትመስ ወረቀት በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊ ይሆናል። የሻያችን ቀለምም እንዲሁ አሲድ ሲገባበት ይገረጣል። እንግዲህ ሎሚ ያለበት ሻይ የምንጠጣ ሁሉ ሳናውቀው የላቦራቶሪ ሥራ ስንሠራ ኖረናል ማለት ነው።

የአንድ ፈሳሽ አሲድነት ወይም ቤዝነት የሚለካበት ቁጥር ፒኤች ይባላል። ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ሶረን ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ነበር። ይሠራ የነበረውም በኮፐንሃገን ከተማ፣ አንድ የቢራ ፋብሪካ ባቋቋመው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጠላ ጠምቃ የምታውቅ እናት ይህን ስትሰማ አይገርማትም፤ የጥንስስ ኩምጣጤ ልኩን ሲያልፍ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚቀር እርሷም ታውቃለችና።

መለኪያው በተለምዶ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል። መካከሉ 7 ሲሆን ንጹሕ ውሃ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ከ7 በታች ያለው አሲድ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል። ከ7 በላይ ያለው ቤዝ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቤዝነቱ ይጠነክራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ስንሄድ ልዩነቱ የ10 እጥፍ ነው። ፒኤቹ 4 የሆነ ፈሳሽ፣ 5 ከሆነው በ10 እጥፍ፣ 6 ከሆነው በ100 እጥፍ የበለጠ አሲድ ነው። ስለዚህ በቁጥር ትንሽ የሚመስለው ልዩነት በሥራው ትልቅ ነው።

በዚህ መለኪያ ቤታችንን እንቃኝ። ሎሚ 2 ገደማ ላይ ይገኛል። አቼቶ ከ2 ተኩል እስከ 3 ነው። እርጎ 4 ተኩል አካባቢ፣ ትኩስ ወተት ከ6 ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል። ደማችን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ መስመር ላይ ይጠበቃል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ሲሟሟ ከ8 ጥቂት ያልፋል። የልብስ ሳሙና 10 አካባቢ ነው። በረኪና ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። የተዘጋ ቧንቧ ለመክፈት የሚደፋው ኮስቲክ ሶዳ 14ን ይጠጋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የመኪና ባትሪ አሲድ ከ1 በታች ነው።

በመለኪያው መካከለኛ ክፍል የሚገኙት ወዳጆቻችን ናቸው። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ በእርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን አሲድ ይሠራሉ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ፒኤቹ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ይህ ኩምጣጤ ለጣዕም ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በእንዲህ ያለው አሲድ ውስጥ እንደ ልባቸው ሊራቡ አይችሉም። እናቶቻችን ሊጡ ላይ የሚያቁረውን ቢጫ ውሃ ሲደፉ እንጀራው እንዳይኮመጥጥ አሲዱን መቀነሳቸው ነበር። ስብ የያዘው ድስት በአመድ ሲፈተግ የሚጠራውም አመድ ቤዝ በመሆኑ ስቡን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ጭምር ነው።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቤዝ ስብን ወደ ሳሙናነት የሚለውጥ ከሆነ በእኛ ሰውነት ላይስ ምን ያደርጋል? በረኪና ሲነካን ጣታችን የሚያሙለጨልጨው የገዛ ቆዳችን ስብ ወደ ሳሙናነት መለወጥ ስለሚጀምር ነው። ከዚህም የተነሣ ኃይለኛ ቤዝ ሥጋን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ብዙ ሰው አሲድ የሚለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል፤ ቤዝ ሲባል ግን ሳሙና እየመሰለው ይዘናጋል። ጉዳቱ ግን ከአሲድ አያንስም፤ በተለይም በዓይንና በጉሮሮ ላይ ብዙውን ጊዜ ይብሳል።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። ሽንት ቤቱ ቢጫ ቆሻሻ ይዞ አልለቅ ሲል በመጀመሪያ በረኪና ይደፋበታል። እርሱ አልበቃ ሲል የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ይጨመርበታል፤ ሎሚ ወይም አቼቶ የሚጨምርበትም አለ። «አንዱ ካጸዳ ሁለቱ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚል አሳብ ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በረኪና የሚሠራው ክሎሪን የተባለውን ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ በማሳለፍ ነው። ክሎሪኑን በፈሳሹ ውስጥ አስሮ የሚያቆየው ቤዝነቱ ነው። አሲድ ሲጨመርበት ቤዙ ይሸነፋል፤ የታሰረውም ክሎሪን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ዓይንን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከአየር ስለሚከብድም ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብላ የምትፈትገዋ ሴትና በአጠገቧ የሚድኸው ሕፃን ቀድመው ይተነፍሱታል። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ያስወጣል። ስለሆነም በረኪና የሚቀላቀለው ከውሃ ጋር ብቻ ነው።

ድንገት ተቀላቅሎ የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጣ፣ «ልጨርሰው» ሳትሉ ሥራውን ትታችሁ ውጡ። ልጆቹንም ይዛችሁ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ። ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላልና።

ይህ ምክር በቤት ሠራተኛ ለሚገለገሉና በየመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ለሚያሠሩ ሁሉ ጭምር ነው። «አጥብቀሽ አጽጂ» ብሎ ሁለት ጠርሙስ አስረክቦ መሄድ በቂ አይደለም። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይገናኝ መንገር፣ ጓንት መግዛት፣ መስኮት ማስከፈት የአሠሪው ግዴታ ነው። ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል ሠራተኛ የጠርሙሱ ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ በቃል ይነገራት።

ሌላው አደጋ የጠርሙሱ ጉዳይ ነው። በረኪና በየጉሊቱ ተቀድቶ ሲሸጥ እናያለን። የሚቀዳውም በተለምዶ «ሃይላንድ» በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። ሕፃን ልጅ ማንበብ ባይችልም ጠርሙስ ያውቃል። ትናንት ውሃ የጠጣበትን ዕቃ ዛሬ ሲያገኘው ቢጠጣበት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በረኪናም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ ከመጠጥ ዕቃ ይራቅ፤ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ልጁ ቢጠጣስ? እዚህ ላይ ግማሽ እውቀት እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። አሲድና ቤዝ እርስ በርሳቸው እንደሚከሻሸፉ ያወቀ ሰው «በረኪና ከጠጣ ሎሚ ልስጠው» ሊል ይችላል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጠራል፤ በረኪናውም ክሎሪን ይለቃል፤ በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ይሆናል። እንዲያስመልሰው ጣት ወደ ጉሮሮው መክተትም ክልክል ነው፤ ሲወርድ ያቃጠለው ፈሳሽ ሲመለስ እንደገና ያቃጥላልና። የልጁን አፍ በውሃ አጥቡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ሐኪሙ የጠጣውን ነገር ሊያይ ይገባዋል። ከንፈሩና ምላሱ ደህና ቢመስሉም አትዘናጉ፤ ጉሮሮው ከውስጥ ተቃጥሎ ከሳምንታት በኋላ እየጠበበ ምግብ ማሳለፍ ሊያቅተው ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ለማንም ከመደወል በፊት ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ አጥቡት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በእነዚህ ሁሉ አደጋዎች የመጀመሪያው መድኃኒት በመለኪያው መካከል ያለው ውሃ ነው።

ከልጆቻችሁ ጋር ልታዩት የምትችሉት ጉዳት የሌለው ሙከራም አለ። ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉትና ወይን ጠጅ መልክ ያለውን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቅዱ። ባንዱ ሎሚ ጭመቁበት፤ ይቀላል። በሌላው ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። በበረኪናና በአሲድ ግን አትሞክሩት። ሙከራው ሲያልቅ ልጁን «አሁን በረኪናችን የት ነው የተቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያመለክተው እጁ የሚደርስበትን ቦታ ከሆነ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተነሡና ቦታውን ለውጡት።