ስለ ራቭ ፎር አውቶሞቢል ጽናትና ምቾት

ለቤተ ሰብ የሚስማማው አውቶሞቢል የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ጠያቂው ሁሉ የሚሄድበት መንገድና የሚይዘው ሰው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ባንድ ቃል ለመመለስ አይቻልም። ነገር ግን ቶዮታ ራቭ ፎር የተባለው መኪና ባዲስ አበባ ጎዳና እጅግ የታወቀ ነውና፥ ለዛሬ እርሱን መርጠን ለብዙ ዘመን ከያዙት ሰዎች የሰማነውን ከራሳችን አስተያየት ጋራ እንጽፋለን።

ነገሩም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው፤ በእጁ ያለውም ሰው ያለውን ጠብቆ ማቈየት ግድ ሆኖበታል። ለብዙ ቤትም ከመኖሪያው ቀጥሎ ትልቁ ሀብት መኪናው ነው። (ስለ ኤሌክትሪኩ መኪና የሚጠይቁንም አሉ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ ዛሬ አንነካውም።)

ራቭ ፎር በጃፓን አገር መሸጥ የዠመረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው እንደ ላንድ ክሩዘር ያለውን፥ በወፍራም ሻንሲ ላይ የተሠራውን ከባድ መኪና ነበር። ይህ ግን ሻንሲውና አካሉ አንድ ሆኖ እንደ ከተማ መኪና ተሠራ፤ ቁመቱ ከመሬት ከፍ አለ፥ አራቱንም ጎማ የሚያዞር ኃይልም ተሰጠው። እንግዲህ ባለቤቶቹ ስለ ምቾቱ ሲናገሩ ሁለት ዐይነት ቃል መስማታችን አያስደንቅም። ባለ ባሌስትራውን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ትቶ የመጣው ሰው፥ ለስላሳ ነው ብሎ ያመሰግናል፤ ከኮሮላ የተሻገረው ግን፥ ያነጥራል፥ የጎማውም ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል ብሎ ያማርራል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

የመነጠሩም ምክንያት የታወቀ ነው። ባለ ሦስት በሩ የመጀመሪያው ራቭ ፎር ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው ያለው ርቀት 2.20 ሜትር ብቻ ነው፤ ባለ አምስት በሩ 2.41 ሜትር ነው፤ በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. ለዓለም የታየው አምስተኛው ዐይነት ግን 2.69 ሜትር ደርሷል። ርቀቱ ያጠረ እንደ ሆነ የፊቱ ጎማ ከፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ሳይርቅ የኋላው ይወጣበታልና፥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፊትና ኋላ ይወዛወዛል። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ደግሞ ይህ መንቀጥቀጥ ይበረታል። ከዚህም ላይ ጎሚስታው ንፋሱን ያለ ልክ ሞልቶት ከሆነ፥ ባለቤቱ የጎማውን ጥፋት ለመኪናው ይሰጣል። ልኩ በብዙዎቹ ላይ በሾፌሩ በር ምሰሶ ተጽፎ ይገኛል፤ አንብቦ ማዘዝ ነው። ንፋሱ ተስተካክሎም መንጠሩ ያልቀነሰ እንደ ሆነ፥ ያረጁት የሞላውን ዝላይ የሚገቱት አሞርቲዛቶሪዎች ናቸው።

ሁሉም ባንድ ቃል ያመሰገኑት የመቀመጫውን ከፍታ ነው። ጕልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ወደ ትልቁ መኪና ለመውጣት መደገፊያ ይሻሉ፤ ከዝቅተኛው መኪና ለመነሣት ደግሞ የሚያነሣቸው ሰው ይፈልጋሉ። እዚህ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው እንደ ወንበር ይቀመጣሉ። ለቤተ ሰብ ከሆነ፥ ከሞተሩ ጕልበት ይልቅ ይህን ማየት የሚገባ ይመስለናል።

የኋላውን በር ግን የሚያመሰግን አላገኘንም። እስከ ሦስተኛው ዐይነት ድረስ ያሉት በራቸው ወደ ጐን ይከፈታል፤ በብዙዎቹም ትርፍ ጎማው ከበሩ ላይ ተሰቅሏል። ማጠፊያው በስተ ቀኝ ስለ ሆነ፥ እንደ እኛ በቀኝ በሚነዳ አገር በሩ ሲከፈት በእግረኛው መንገድና በዕቃው መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። ዕቃ የሚጭነውም ሰው ዞሮ መኪና ከሚያልፍበት ወገን ይሠራል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ወደ ጽናቱ ስንመጣ፥ ባለቤቶቹ ዘወትር የሚሉት ቃል አያስቸግርም ነው። እኛ ግን ቃሉን መረመርነው። የማይበላሽ ማለታቸው አይደለም፤ ሲበላሽ በሽታው የታወቀ ነው፥ መካኒኩም ለምዶታል፥ ዕቃውም ይገኛል ማለታቸው ነው። ከነዚህ ከታወቁት በሽታዎች አንዱን ልንገልጽ እንወዳለን፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት ነውና። የ2001 እስከ 2003 ሞዴል ሆነው ባሜሪካ ከተሸጡት፥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካላቸው ውስጥ፥ ማርሽ ሲቀየር ከኋላ እንደ ተገፉ የሚመቱ ተገኙ። ጥፋቱ የተዠመረው ከካምቢዮው ሳይሆን ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነበር፤ ኩባንያውም በዚያ አገር ዋስትናውን አራዘመ። ይህን የማያውቅ ሰው ካምቢዮውን አስፈትቶ ሌላ ያስገባል፤ የታመመው ኮምፒዩተር ሳይለወጥ ከቀረ ግን አዲሱንም ካምቢዮ እንደ ፊተኛው ይጎዳዋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን መኪና የያዘ ሰው፥ ካምቢዮው ከመከፈቱ በፊት ኮምፒዩተሩ እንዲመረመር አጥብቆ ይጠይቅ።

ሌላው ጥፋት ከመኪናው ሳይሆን ካገራችን ከፍታ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ናት። አየሩ ስለ ሳሳ፥ ንፋስ በኃይል የሚጨምርለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጕልበቱ አምስተኛ እጅ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ የእንጦጦን ዳገት በዝግታ ቢወጣ ሞተሩ ደከመ ብሎ መደንገጥ አይገባም። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ መፍላቱን ያዘገያል፤ ክዳኑ የላላ እንደ ሆነ ግን፥ ይልቁንም በተራ ውሃ ብቻ የተሞላ ከሆነ፥ ደኅና የነበረው ሞተር በዳገት ላይ ይግላል። ርካሽ የሆነውን ክዳን ሳይለውጡ የሞተሩን ራስ ያቃጠሉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ወደ ጎጃም የሚጓዝም ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬኑን ብቻ አይመን፤ አውቶማቲክም ቢሆን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ይመልሰው።

ሊገዛ ያሰበ ሰው ለሙከራ ሲሄድ ብቻውን አይሂድ፤ ከቤቱ ሽማግሌ የሆነውን ይዞ ከኋላ ያስቀምጥ፥ ኮብልስቶን ባለበት ሰፈርም ይንዳና ምቾቱን እርሳቸውን ይጠይቅ። ማርሹ ሲቀየር የሚመታ እንደ ሆነ ሞተሩ ሳይሞቅም ከሞቀም በኋላ ያዳምጥ። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ይንገረው፤ ከስፍራው ሲደርስም፥ ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ፥ ቍልፉን ከመቀበሉ በፊት እጁን ከኮፋኖው ላይ ያሳርፍ።